የቀኝ ፍሬቻ

አዎ፣ መብራቱን ያሳየችው እሷ ናት። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለትራፊክ ፖሊሱ አልተናገረችም፣ ለዳኛው አልተናገረችም፣ ለነፍስ አባቷ እንኳ ሌላ ሌላውን ሁሉ ዘርዝራ ይቺን አንዷን በጉንጯ ይዛ ተመልሳለች። አሁን ግን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ በሰው አገር፣ ግማሹ ከመሬት በታች በሆነ አንድ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱን በጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ሸፍና፣ እንቅልፍ እንቢ ብሏት ተጋድማ ለጣሪያው ትናገራለች። እኔ ነኝ ትለዋለች። ጣሪያ መቼም ደግ ነው፤ ይሰማል እንጂ አያወራም። ሌሊቱን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ ነው ያደረችው። ሥራዋ እሱ ነው። ሌላው ሲተኛ ትነሳለች፣ ሌላው ሲነሳ ትተኛለች፣ ትተኛለች ማለት እንኳ ያስዋሻል፣ ትጋደማለች። እርጥብ አንሶላ እንደ ሬሳ ይከብዳል፤ ከማጠቢያው ወደ ማድረቂያው ስትጎትት ሰባት ዓመት ሆኗት ቀኝ ትከሻዋ ልብስ ለመልበስ እንኳ ይለግማል። የከረጢቱ ጥግ ተቀዷል። በቀዳዳው መንገዱ ይታያል፤ ከመኪናው ግን የሚታየው ጎማ ብቻ ነው። ይሄኛው አየር ያንሰዋል፣ ያኛው በውስጥ በኩል ተበልቷል፣ ባለቤቱ አልነቃም፣ ይቺ ደግሞ ፍሬኗ ይጮኻል። ጎማ አይታ የመኪናውን ጤና የምትናገር ሴት፣ በዚህ ከተማ ብስክሌት ለመንዳት እንኳ የሚያምናት የለም።

ስምንት ሰዓት ላይ ፈተና አላት። የመንጃ ፈቃድ ፈተና ነው፣ ሦስተኛዋ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ጭነት መኪና ነድታለች። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ከወገቧ በታች ትራስ አድርጋ ነበር የምትቀመጠው፤ ሾፌሮቹ ምግብ ቤት ስትገባ «እመቤት፣ ቆመው ነው የሚነዱት ተቀምጠው?» ይሏታል፣ እሷም «ተኝቼ ነው፤ እናንተ ቆማችሁ የማትደርሱበት ተኝቼ እደርሳለሁ» ትላቸዋለች፣ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ያቺ ሴት የት ሄደች? መጀመሪያ የፈተነቻት ሴትዮ አንገትሽን አላዞርሽም ብላ ጣለቻት። ስፖኪዮ ታዲያ ለምን ተሰቀለ፣ ለጌጥ ነው? ሁለተኛው ደግሞ ኩርባ ከመግባቷ በፊት ክላክስ በማድረጓ፣ ማንን ነው የሰደብሽው ብሎ ጣላት። ማንንም አልሰደብኩም፣ መጣሁ ማለቴ ነው፣ ሰው እንዳይሞት ነው። እዚህ አገር ክላክስ ስድብ ነው። እዚያ ሰላምታ የነበረው ሁሉ እዚህ ስድብ ነው። ዛሬም ከወደቀች ከወረቀቱ ፈተና ጀምሮ እንደገና ከሀ ሁ ትጀምራለች፣ ወረፋው ብቻ ዓመት ይፈጃል። የማጠቢያ ቤቱ መኪና ግን ዓመት አይጠብቃትም። አንሶላ ወደ ሆስፒታሎቹ የሚያመላልሰው ሽማግሌ በዚህ ወር መጨረሻ ጡረታ ይወጣል፤ አለቃዋ ደግሞ፣ ስትስቅ እንኳ የምታዝን የምትመስል ሴት ናት፣ «ካርዱን ይዘሽ ከመጣሽ ቁልፉ ያንቺ ነው፣ ካልመጣሽ ለሌላ እሰጣለሁ» ብላታለች። ቀን ሠርታ ማታ ልትተኛ። እንደ ሰው። ትከሻዋም ሳይበጠስ።

ስልኩ ትራሷ ስር ይንቀጠቀጣል። ታናሽ እህቷ ናት።

«እትዬ፣ ቀሰቀስኩሽ?»

«አልተኛሁም።»

«በስመ አብ! ዓይንሽን ጨፍነሽ ልትነጂ ነው? ለአንድ ሰዓት እንኳ ጋደም በይ እንጂ። ስለት ተስዬልሻለሁ፣ ዛሬ ታልፊያለሽ። ቆይ፣ እንቁላሉ ስልኩን ካልሰጠሽኝ ብሎ እጄን ሊሰብረው ነው።»

እንቁላሉ የእህቷ ባል ነው። ስሙን ያወጡለት ሾፌሮች ናቸው። ከሁሉም በዝግታ የሚነዳ እሱ ነበርና፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያሉ ሲተርቱበት ተረቱ ስም ሆኖ ቀረ። እሷና እሱ ለአንድ ባለሀብት ይሠሩ ነበር፣ አብረው ይጭናሉ፣ አብረው ይወጣሉ፣ እሷ ከፊት እሱ ከኋላ፤ ስለዚህ አለቃ ይላታል። እስከ ዛሬ አለቃ ይላታል።

«አለቃ! ዛሬ ነው አይደል?»

«ዛሬ ነው። እንዴት ነህ አንተ?»

«እንዳለሁ አለሁ። ዝናብ ሊመጣ ሲል እግሬ ይነግረኛል፤ ለሬዲዮ የማወጣው ተርፎኛል። ይልቅ ወረቀቱን ይዘሻል? ያን ማህተም ለማስመታት ስንት ቀን እንደተመላለስኩ አንድ እግሬን ጠይቂው። ጸሐፊዋ መጨረሻ ላይ አዝና ‹ሚስትዎ ናት?› አለችኝ፤ አይ፣ አለቃዬ ናት አልኳት። አሥራ ስድስት ዓመት ያለ አንዳች ጥፋት ያሽከረከሩ! እንደዚያ ብለው ጻፉልሽ እኮ። እኔ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ኮራሁብሽ።»

«እግዜር ይስጥህ።»

«እንዳትፈሪ። እኔ እንደሆነ ዓይኔ ነው የከዳኝ። ያንቺ ዓይን አይከዳም።»

ስልኩ ተዘጋ፣ እሷ ግን ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው ቀረች። ወረቀቱ ግድግዳው አጠገብ፣ ጫማ ሳጥን ላይ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እዚህ አገር ፈተናውን እንድትፈተን ብቻ እንኳ ከአገሯ የጥፋት መዝገብ የሌለባት መሆኗን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ አምጪ አሏት፤ ደብዳቤውን ለማውጣት የሚሮጥላት ደግሞ ከእንቁላሉ ሌላ ሰው አልነበራትም። ሮጠላት። በአንድ እግርና በአንድ ምርኩዝ ሮጠላት። ያለ አንዳች ጥፋት። ሰው በገዛ እጁ ገመዱን ገምዶ አንገቱ ላይ ላጠለቀችው ሴት ስጦታ አድርጎ ይልካል?

እሷ በአገር ቤት ሾፌሮች መሃል ያልተጻፈ ሕግ ታውቃለች። ዳገት ላይ ከፊት ያለው መኪና መንገዱን ያያል፣ ከኋላ ያለው ግን የሚያየው የፊተኛውን ቂጥ ብቻ ነው። እና የፊተኛው ዓይኑን ያበድረዋል። መንገዱ ነጻ ሲሆን የቀኝ ፍሬቻ ሁለት ጊዜ ቦግ እልም ያደርግለታል፣ እለፍ ማለት ነው፤ መኪና ሲመጣ የግራውን ያሳየዋል፣ ቆይ ማለት ነው። አላፊው ሲያልፍ አጭር ክላክስ ያሰማል፣ ወንድም ማለት ነው። በዚህ ሕግ ስንት ሺህ ጊዜ አለፈች፣ ስንት ሺህ ሰው አሳለፈች፤ ማንም ማንንም ሳያውቅ ነፍሱን ለአንዲት ብጫ አምፖል ይሰጣል። ያን ቀን ሲሚንቶ ጭናለች፣ መኪናዋ እያቃሰተ ነው የሚወጣው። እንቁላሉ ከኋላዋ ነው፣ የባዶ ጠርሙስ ሳጥን ነው የጫነው፣ ቀላል ነው፣ ሊያልፋት ይችላል ግን አይጠይቅም፣ ዓመቱን ሙሉ ከኋላዋ ቢሄድ አይሰለቸው። ስልኳ ይጮኻል። እህቷ ናት። እትዬ፣ እባክሽ ባሌን ፈጠን በል በይልኝ፣ የልጅቷ ትኩሳት አልበርድ አለኝ፣ ሐኪም ቤት የሚወስድልኝ ሰው አጣሁ። እሺ፣ አለች። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ሰክታ፣ ያው ቀኝ ትከሻዋ፣ ዛሬ የሚለግመው፣ እሺ እያለች እጇ ፍሬቻውን ነካች። ቦግ፣ እልም። ቦግ፣ እልም። ቀና አላለችም። ሌላ ምንም አልነበረም፤ ቀና አላለችም። ቀና ብትል ከኩርባው የሚወርደውን ሞተር ብስክሌት ታየው ነበር፣ የተቀመጠበትንም መምህር፣ ደረቱ ላይ ያንጠለጠለውን ቦርሳ ታየው ነበር። እንቁላሉ አመናት። ከጎኗ ሲደርስ ያቺን አጭር ክላክስ ሰማች፣ ወንድም የምትለዋን። ከዚያ ጠርሙስ። የዓለም ጠርሙስ ሁሉ በአንድ ጊዜ የተሰበረ መሰላት። መንገዱ በፀሐይ ያበራል፣ አረንጓዴና ቡናማ ስባሪ መሬቱን ሁሉ አልብሶት፣ ያማረ ነገር ይመስላል፣ እህቷ በስልኩ ውስጥ ምንድን ነው እትዬ፣ ምንድን ነው የወደቀው ትላለች።

መምህሩ እዚያው ሞተ። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ከሰዓት በኋላ መጡ፤ ሴትዮዋ አላለቀሰችም፣ ቦርሳውን አንስታ በነጠላዋ የጠርሙሱን ስባሪ ከላዩ ትጠርግ ጀመር። የእንቁላሉ እግር ጋቢናው ውስጥ ተጣብቆ በመጋዝ ተቆርጦ ነው የወጣው። በቃሬዛ ላይ ሆኖ ለትራፊክ ፖሊሱ «እለፍ ብላኝ ነው፣ የቀኝ ፍሬቻ አሳይታኝ ነው» ሲል ትሰማዋለች። ትራፊክ ፖሊሱ ወደ እሷ ዞረ። ደብተሩ ክፍት ነው፣ እስክሪብቶው ይጠብቃል። አሳይተሽዋል? ሰው ውሸትን ያስባል፣ ያቅዳል ይባላል፤ እሷ አላሰበችም፣ አፏ ብቻውን ተናገረ። አላሳየሁም። ስለ ፍሬቻ የማውቀው የለም። ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ናቸው፣ ሁለቱ ለእንቁላሉ አራት ዓመት እስራት ሆኑበት፣ መንጃ ፈቃዱንም ለዘላለም ተነጠቀ። እህቷ ከባሏ ይልቅ እሷን አመነች። «እህቴ ዋሽታ አታውቅም፣ አንተ ለልጅህ ስትል ቸኩለህ ነው፣ ቸኮልኩ በልና ይውጣልህ» አለችው፣ ፊት ለፊቱ፣ አልጋው ላይ። እሷ አጠገባቸው ብርቱካን ትልጥ ነበር። ልጣጩ ሳይበጠስ እስከ መጨረሻው ወረደ።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ከሁሉ የሚብሰው ሌላ ነው። ወደዚህ አገር ልትመጣ ሳምንት ሲቀራት እስር ቤት ልትሰናበተው ሄደች። ከሽቦው ወዲያ በምርኩዝ ቆሞ ነበር፣ ከስቷል፣ አንገቱ ኮሌታው ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው እንዳይሰማው ሳይሆን እንዳፈረ ሰው፣ «አለቃ፣ ለማንም አልናገርም። ለራሴ ነው። አብርተሽው ነበር አይደል? ያለዚያ እኔ አብጃለሁ ማለት ነው» አላት። በዚያን ጊዜ ልትናገር ትችል ነበር። ፍርዱ አልቋል፣ ፓስፖርቷ በእጇ ነው። «አላበራሁም» አለችው። «የፀሐይ ነጸብራቅ ይሆናል።» እሱም ብዙ አሰበ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ «ይሆናል» አለ፣ «ዓይኔ ነው እንግዲህ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ይኸው ዓይኔ ነው የከዳኝ ይላል። ዓይኑን ሐኪም ቤት አስመርምሯል፣ ምንም የለውም ብለውታል፣ አላመናቸውም። መንገድ ሲሻገር የልጁን እጅ ይይዛል፤ ልጅቷ አድጋለች፣ አሻግሪኝ ይላታል። እሷ ናት እንደዚህ ያደረገችው። እግሩን መኪናው ወሰደው፣ ዓይኑን ግን እሷ ናት ያወጣችው፣ በሽቦ ቀዳዳ፣ በአንዲት ቃል።

ሰዓቱ ደረሰ። ፊቷን ታጠበች፣ ወረቀቱን ያዘች፣ ሄደች። ፈታኙ ቀጭን ሰው ነው፣ ጉንፋን ይዞታል፣ ጭኑ ላይ ታብሌት አስቀምጦ ሳያያት ይጽፋል። መኪናዋ ትንሽ ናት፣ መሪዋ እንደ ልጅ መጫወቻ ይቀልላል። እሷ አንገቷን ታዞራለች፤ በግራ ታዞራለች፣ በቀኝ ታዞራለች፣ እንደ ዶሮ። ክላክስ አትነካም። የቆመ ሰው ስታይ ታሳልፋለች፣ ሰውየው ሊሻገር ባይፈልግ እንኳ ታሳልፋለች። «ጥሩ ነው» አላት ፈታኙ፣ አፍንጫውን እየጠረገ፤ «ጥሩ ነድተሻል። ወደ መሥሪያ ቤቱ እንመለስና እናቁማት፣ የቀረው እሱ ብቻ ነው።» ልቧ ከፍ አለ። የማጠቢያ ቤቱ መኪና ቁልፍ መዳፏ ላይ ሲቀዘቅዝ ይሰማታል። ግራና ቀኙ መኪና የቆመበት ጠባብ ሰፈር ገቡ፣ ሰላሳ ላይ ትነዳለች፣ ምልክቱ ሰላሳ ነው የሚለው። በስፖኪዮ ዕቃ አመላላሽ መኪና ታያለች፣ ነጭ፣ ከኋላዋ ተለጥፏል። ሾፌሩ መሪው ላይ በጣቶቹ ይመታል። ሥራ ላይ ነው፣ ይቸኩላል፣ ልጁ ታሞበት ይሆናል፣ ማን ያውቃል። አሳዘናት። መንገዱ ነጻ ነው፣ ዛሬ ቀና ብላለች፣ አይታለች፣ እና እጇ፣ አሥራ ስድስት ዓመት የለመደ እጅ፣ እሷን ሳይጠይቅ፣ ቦግ እልም፣ ቦግ እልም። ነጩ መኪና ዘሎ ወጣ። ከጎን መንገድ አንዲት ሴት በብስክሌት ብቅ አለች።

ፍሬን ጮኸ። ብስክሌቱ ሳሩ ላይ ወደቀ፣ ሴትዮዋ ከጎኑ። እሷ መኪናዋን አቁማ በሩን ከፍታ የሮጠችው ማንም ሳይላት ነው፤ ሴትዮዋ ተነሳች፣ ጉልበቷ ተልጧል፣ ትሳደባለች፣ ደህና ናት፣ በሕይወት አለች፣ ትሳደባለች። እንደዚያ የጣፈጠ ስድብ በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም። የነጩ መኪና ሾፌር ወርዶ እጁን እያወናጨፈ መጣ። «የቀኝ ፍሬቻ አብርታልኝ ነው! ልትቆም መስሎኝ ነው ያለፍኳት! እሷ ናት!» ፈታኙ ከመኪናው ወጣ፣ ታብሌቱን ደረቱ ላይ አቅፎ። የመኪናዋን ኋላ አየ፤ አምፖሉ ጠፍቷል፣ አጥፍታዋለች፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሕጉ ሁለት ጊዜ ነው። ወደ እሷ ዞረ።

«እኔ እየጻፍኩ ነበር፣ አላየሁም። እሱ ደግሞ በዚህ መንገድ ማለፍ አልነበረበትም። ፍሬቻ አብርተሻል?»

ታብሌቱ ክፍት ነው፣ ጣቱ ይጠብቃል። አላበራሁም ማለት ነው እንግዲህ። አንዲት ቃል ብቻ ናት። ሰውየው ሊያምናት ተዘጋጅቷል፣ ከፊቱ ያስታውቃል፣ ጉንፋኑም ቤቱ ሊያስገባው ቸኩሏል። አላበራሁም ትልና ካርዱን ትቀበላለች፣ ቁልፉን ትቀበላለች፣ ማታ ማታ እንደ ሰው ትተኛለች። የነጩን መኪና ሾፌር አየችው። አፉን ከፍቶ እሷን ያያል። ቁጣው አልቋል፤ የቀረው ያ ዓይን ነው፣ ያየሁትን አይቻለሁ ወይስ አብጃለሁ የሚለው ዓይን፣ ከሽቦ ወዲያ የምታውቀው ዓይን።

«አብርቻለሁ» አለች። «እውነቱን ነው። እኔ ነኝ እለፍ ያልኩት።»

«ለምን?»

ልታስረዳው ሞከረች፣ ስለ ዳገቱ፣ ስለ ኋላና ፊት፣ ስለ ማበደር። በሰው ቋንቋ ሲነገር የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ፈታኙ በደግነት ሰማት፤ ደግ ሰው ነበር። «እዚህ አገር ማንም ለማንም አያይም» አላት፣ እና ጻፈ።

መሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ደወለች። ወረቀቱ ጭኗ ላይ ነው፣ ያለ አንዳች ጥፋት። እህቷ ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው። «አለፍሽ? እትዬ፣ አለፍሽ በይኝ!»

«ወደቅሁ። ስሚኝ፣ አታቋርጪኝ። ያን ቀን፣ ካንቺ ጋር እያወራሁ፣ መብራቱን ያሳየሁት እኔ ነኝ። እለፍ ያልኩት እኔ ነኝ። ባልሽ አልዋሸም።»

እዚያ ቤት ቧንቧ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ከዚያ ምርኩዝ፣ ቀስ እያለ፣ ቀስ በቀስ፣ እየቀረበ። «ምን አለችሽ? ምን ሆነሻል አንቺ? ስጪኝ እስቲ። አለቃ! ወደቅሽ እንዴ? እሱ ምን ችግር አለው...»

«አብርቼው ነበር» አለችው። «የቀኙን። ሁለት ጊዜ። ነጸብራቅ አልነበረም። ዓይንህ ደህና ነው።»

መኪኖች ያልፋሉ፣ ዛሬ ሙሉ መኪና ነው የምታየው፣ ጎማቸውን አላየችም። በስልኩ ውስጥ ይተነፍሳል። ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች፣ ይርገመኝ፣ የፈለገውን ይበለኝ። እሱ ግን ለራሱ በሚናገር ሰው ድምፅ፣ እንደተገረመ፣ «አይቼዋለሁ ማለት ነው» አለ። ደገመው። «አይቼዋለሁ እኮ።» ከዚያ የእህቷን ድምፅ ሰማች፣ ከሩቅ፣ የማታውቀው ድምፅ። «ዝጋው።» ተዘጋ።

ይሄ ከሆነ አሥራ አንድ ሳምንት አልፏል። እህቷ ስልክ አታነሳም። አለቃ የሚላትም የለም። የማጠቢያ ቤቱን መኪና ሌላ ሰው ይነዳዋል፣ ፍሪሲዮኑን ያቃጥለዋል፣ ሽታው እስከ ማድረቂያው ክፍል ይገባል። እሷ አንሶላ ትጎትታለች። ጠዋት ትመጣለች፣ ከረጢቱን ከመስኮቱ ላይ ነቅላዋለች፣ ብርሃኑ ፊቷ ላይ ያርፋል፣ አትተኛም። የመምህሩን ሚስት ስሟን እንኳ አታውቀውም፤ ሦስቱ ልጆች አድገዋል፣ ትልቁ ምናልባት መኪና ይነዳ ይሆናል። ለነሱ የሚደርስ ደብዳቤ ጽፋ ለፖሊሱም ለፍርድ ቤቱም ልካለች፣ መልስ አልመጣም። ይቅርታ ልትጠይቃቸው የሚገባት ሰዎች ሁሉ ወይ ሞተዋል፣ ወይ ስልክ ዘግተዋል፣ ወይ የት እንዳሉ አይታወቅም። እናንተ የምታነቡት ግን እዚህ ድረስ አብራችኋት መጥታችኋል፣ የሠራችውንም ሳትደብቅ ነግራችኋለች። ይቅር በሏት።